ከዳሊ እስከ ሻንግሪላ፦ የዩናንን ተራሮችና ጥንታዊ ከተሞች ደረጃ በደረጃ መጓዝ

ቻይና ደርሶ የሚመለስ አበሻ በአብዛኛው የሚያውቀው ጓንዡን ወይም ዪዉን ነው፤ ገበያውን፣ መጋዘኑንና የካርጎ ቢሮውን። ደቡብ ምዕራብ ጥግ ላይ ያለችው የዩናን ክፍለ ሀገር ግን ያን ያህል ሩቅ አይደለችም። ከጓንዡ ደቡብ ጣቢያ በፈጣን ባቡር ተነስቶ ኩንሚንግ ለመግባት እንደ ባቡሩ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ ወዲያ ዳሊ፣ ሻሺ፣ ሊጂያንግ፣ የነብር ዝላይ ገደል፣ መጨረሻ ላይ ሻንግሪላ። ለንግድ መጥቶ አሥር ቀን መጨመር የቻለም ሆነ ከአዲስ አበባ ለዚሁ ብሎ የተነሳ ሰው፣ በቻይና ገጠር አንድ መስመር ብቻ የማየት ዕድል ካለው ይህን ይዞ ይሂድ እላለሁ።

መስመሩን የምወደው በውበቱ ብቻ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ ሰውነትን ያለማምዳል። ኩንሚንግ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዳሊ ወደ 2,000፣ ሻሺ ከዚያ ጥቂት ከፍ ትላለች፣ ሊጂያንግ 2,400፣ ሻንግሪላ ከ3,200 በላይ። በዚህ ተራ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳይቸገር ይዘልቃል። ተራውን ዘሎ ከጓንዡ በአውሮፕላን ሻንግሪላ የወረደ ግን የመጀመሪያውን ሌሊት ራሱን እየወቀረውና እያቅለሸለሸው ሊያነጋ ይችላል፤ ሊጎበኝበት ያሰበውን ቀንም በሆቴል ክፍል ተኝቶ ያሳልፈዋል።

የአዲስ አበባ ሰው ተራራ ላይ ነው ያደግሁት ብሎ ይተማመናል። ሊጂያንግ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ በቀጥታ ከሸገር የመጣ ሰው እስከዚያ ድረስ ምንም ላይሰማው ይችላል። ነገር ግን ይህ ልምምድ በሳምንታት ውስጥ የሚጠፋ ነው። ጓንዡ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ የማትል ከተማ ናት። እዚያ ሦስት አራት ሳምንት የከረመ ነጋዴ፣ ወይም ኑሮው ዱባይ፣ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የሆነ ሰው የትውልድ አገሩ ከፍታ አያድነውም። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ የታወቀ ደንብ ነው። ከሊጂያንግ ሻንግሪላ ያለው ዝላይ ከዚያ ስለሚበልጥ፣ በፊቱ ሊጂያንግ አካባቢ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ማደር፣ ሻንግሪላ በገቡበት ቀን ደግሞ ሩቅ አለመሄድ፣ አልኮል አለመጠጣትና ውሃ ማብዛት ያስፈልጋል። ራስ ምታቱ በእረፍትና በማስታገሻ ካልተሻለ፣ ሰውየው ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሳይነጋ ቢሆንም ወደ ታች መውረድ ነው መድኃኒቱ። ሱቅ ሁሉ የሚሸጠው የኦክስጅን ጣሳ ለደቂቃዎች ያስታግስ ይሆናል እንጂ መውረድን አይተካም። አሴታዞላሚድ የሚባለውን ክኒን ለመያዝ ያሰበ አገር ቤት እያለ ሐኪም ያማክር፤ ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ላለበት ሰው ሊከለከል ይችላልና።

ወቅቱን በሚመለከት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው፤ በገደሉ መንገድ ላይ ናዳ የሚወርደውም ያኔ ነው። ጥሩዎቹ ጊዜዎች ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ማለቂያ ናቸው። መስቀልን በዓል አድርጎ በማግስቱ ለመነሳት ያሰበ ሰው ግን ይጠንቀቅ። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1፣ ማለትም መስከረም 21 ገደማ፣ የቻይና ብሔራዊ በዓል ይገባል፤ ለአንድ ሳምንት አገሩ በሙሉ መንገድ ላይ ነው። የባቡር ትኬት በደቂቃ ያልቃል፣ የአልጋ ዋጋ በእጥፍና ከዚያ በላይ ይወጣል። የሜይ 1 ዕረፍትና የቻይና አዲስ ዓመትም እንዲሁ ናቸው።

ወረቀት፣ ገንዘብ፣ ስልክ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። ለንግድ የተሰጠ ቪዛ ያለው በዚያው ቪዛ ዩናንን መጎብኘት ይችላል። ሻንግሪላ የቲቤት ሕዝብ የሚኖርባት ብትሆንም አስተዳደሯ በዩናን ሥር ስለሆነ ለቲቤት የሚጠየቀውን ልዩ ፈቃድ አትሻም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሆንግ ኮንግ ላይ ነው። ከጓንዡ ሆንግ ኮንግ መሻገር ከቻይና እንደመውጣት ይቆጠራል፤ ቪዛው የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ እዚያው አበቃ። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ወገኖች ወደ ሦስተኛ አገር እያለፋችሁ ያለ ቪዛ 240 ሰዓት መቆየት ትችላላችሁ። ነገር ግን በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ለዩናን የተፈቀዱት ዘጠኝ አካባቢዎች ኩንሚንግን፣ ዳሊንና ሊጂያንግን ሲይዙ ሻንግሪላ ያለችበትን ዲቺንግን አልጨመሩም። የነብር ዝላይ ገደል የላይኛው የእግር መንገድም የሚገኘው በዲቺንግ በኩል ነው። ስለዚህ ሙሉውን መስመር የፈለገ መደበኛ ቪዛ ያውጣ፣ ወይም ከመነሳቱ በፊት ዝርዝሩ ተሻሽሎ እንደሆነ ያረጋግጥ።

ገንዘብ በስልክ ነው የሚከፈለው፤ በቆሎ ጠባሿ ሴት ሳትቀር የኮድ ወረቀት ሰቅላለች። አሊፔይና ዊቻት የሚባሉትን የመክፈያ መተግበሪያዎች አገር ቤት እያላችሁ አውርዱ፣ ፓስፖርታችሁን አስገቡ፣ ውጭ አገር የሚሠራ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ አያይዙ። ዊቻት ሲከፈት ነባር ተጠቃሚ እንዲያረጋግጥላችሁ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ቻይና የሚመላለስ ዘመድ አጠገባችሁ ሳለ ጨርሱት። በአሊፔይ በውጭ ካርድ አንድ ክፍያ ከ200 ዩዋን ካለፈ 3 በመቶ ይጨመርበታል። ባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው በኢትዮጵያ ስልካችሁ ከሆነ ሮሚንግ ሳታስከፍቱ አትውጡ፤ ቁጥሩ ካልደረሳችሁ ካርዱ ከዳችሁ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር ከ500 እስከ 1,000 ዩዋን በጥሬው፣ በባለ 10ና በባለ 20 ዘርዝራችሁ ያዙ። በተራራ መንገድ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ባለሱቁም ለመቶ ዩዋን ኖት መልስ ላይኖረው ይችላል።

ጉግል፣ ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ዩቲዩብ በቻይና ሲም አይሠሩም። ከውጭ የተገዛ ኢሲም (ያለ ካርድ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም) ወይም ሮሚንግ ላይ ያለ ሲም ግን በአብዛኛው ይከፍታቸዋል። ቤተሰብ በቴሌግራም ብቻ የሚያገኛችሁ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ አስቡበት። ለትርጉም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን የቻይንኛና የእንግሊዝኛ ፋይል ቀድማችሁ አውርዱ። ፓወር ባንክም ይታሰብበት። ከጁን 2025 መጨረሻ ጀምሮ የቻይናው የ«3ሲ» ምልክት የሌለበት ፓወር ባንክ በአገር ውስጥ በረራ አይገባም፤ ፍተሻ ላይ ይቀራል።

አልጋ ስትይዙ ማረፊያ ቤቱ የውጭ ዜጋ መመዝገብ ይችል እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። እያንዳንዱ እንግዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ መመዝገብ አለበት፤ ሆቴል ይህን ራሱ ይጨርሳል። በገጠር ግን የባለ ቻይና መታወቂያ እንግዳ ብቻ ማስገባት የለመዱ ቤቶች አሉ፤ ባለቤቷ ክፋት ኖሯት ሳይሆን ሲስተሙን ስለማታውቀው በምሽት ትመልሳችኋለች። የፓስፖርቱን ፎቶ ቀድሞ መላክ ይህን ያስቀራል። ሰው ቤት የሚያርፍ ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ይሂድ።

ባቡሩ

ትኬት የሚሸጠው 12306 በሚባለው የመንግሥት መተግበሪያ ነው፤ እንግሊዝኛም አለው። ሽያጩ የሚከፈተው ከጉዞው 15 ቀን በፊት ነው። እኛን የሚያስቸግረን ስም ነው። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ያለው ሰው አንዱን ከዘለለ ወይም ቅደም ተከተሉን ከለወጠ ምዝገባው አያልፍም። በፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት መስመሮች ተመልክታችሁ፣ ስሙን በዚያው ቅደም ተከተልና ፊደል ጻፉ። ትኬቱ ፓስፖርቱ ራሱ ነው። አውቶማቲክ በሩ የቻይና መታወቂያ ብቻ የሚያነብ ከሆነ ዳር ላይ ሠራተኛ ወደቆመበት መስመር ሂዱ። ሰዓቱ በ24 የሚቆጠር ስለሆነ 13:20 የተጻፈው በእኛ ከቀኑ 7:20 ነው፤ የስልኩን ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር አድርጎ መተው ይሻላል። መግቢያው ባቡሩ ከመነሳቱ ጥቂት ደቂቃዎች በፊት ስለሚዘጋ ከ45 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። ቢላዋና ትልቅ የሚረጭ ጣሳ ፍተሻ ላይ ይወሰዳል። ኩንሚንግም ሁለት ዋና ጣቢያ አላት። ደቡብ ጣቢያው ከከተማው ርቆ ስለሚገኝ፣ ወደ ዳሊ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጀውን ባቡር ስትገዙ ከየትኛው እንደሚነሳ ለዩ።

ዳሊና ሺጆው

የዳሊ ባቡር ጣቢያ ያለው ሺያጓን በሚባለው አዲሱ ከተማ ነው። ጥንታዊቷ ከተማ ከዚያ በሰሜን አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የከተማ አውቶቡስ ይወስዳል። በግንቡ ውስጥ ያለው ዋናው መንገድ ሱቅ በሱቅ ስለሆነ እኔ ማደርን የምመክረው በኤርሃይ ሐይቅ ዳር፣ ባይ የሚባለው ሕዝብ መንደር በሆነችው ሺጆው ነው። የባይ ቤት ሦስት ወገን ክፍሎች፣ በአራተኛው ወገን ደግሞ በኖራ የነጣ ሰፊ ግድግዳ አለው። ዋናው ቤት ጀርባውን ለጻንግሻን ተራራ ሰጥቶ ወደ ምሥራቅ ይመለከታል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘነብል ነጩ ግድግዳ ብርሃኗን ተቀብሎ ወደ ግቢውና ወደ ክፍሎቹ ይመልሳል። ግቢ ለማየት የሚሻለው ያ ሰዓት ነው። በሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ የተሠራው የእግርና የብስክሌት መንገድ ሜዳ ነው፤ ብስክሌት ለቀን ይከራያል።

ሻሺ

ወደ ሻሺ ባቡር የለም። ከሺያጓን በአውቶቡስ ጂያንቹዋን ድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከዚያ ሲሞላ በሚነሳ ሚኒባስ 45 ደቂቃ ያህል ነው። ሚኒባሶቹ ወደ ማምሻው ስለሚያቆሙ ጂያንቹዋን ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ካመለጣችሁ ኮንትራት መያዝ ነው።

ጉዞውን ዓርብ እንዲውል አድርጉ፤ የሻሺ ገበያ ዓርብ ነው። ከተራራው ባይና ዪ የሚባሉት ሕዝቦች አትክልት፣ ከብት፣ የሸክላ ዕቃ ይዘው ይወርዳሉ። ሻሺ ከዩናን ወደ ቲቤት ሻይ እየጫነ፣ ፈረስ እየነዳ ይመላለስ የነበረው ነጋዴ ማረፊያ ነበረች። በመሃሏ ያለው የሲደንግ አደባባይ በቀይ ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ በአንድ ወገን በ1415 የተሠራው የሺንግጂያኦ ቤተ መቅደስ፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ የቲያትር መድረኩ አለ። አደባባዩ በ2002 የዓለም ሐውልቶች ፈንድ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ከገባ በኋላ፣ የስዊዘርላንድ ባለሙያዎችና የጂያንቹዋን ወረዳ ሆነው አደሱት። አሮጌውን አፍርሰው አዲስ አላቆሙም፤ የተሰነጠቀው ጭቃ ግድግዳ እንደተሰነጠቀ እንዲቆም አጠናከሩት። በዚህ ምክንያት በዚህ መስመር ካሉት ከተሞች ሁሉ ሻሺን አስበልጣለሁ። ሁለት ሌሊት ስጧት። በሄይኽዊ ወንዝ ላይ ያለውን የዩጂን የድንጋይ ቅስት ድልድይ ተሻግሮ በማሳው መሃል መንደር ለመንደር መሄድ ግማሽ ቀን ይሞላል። ሌላውን ግማሽ ቀን በሺባኦሻን ተራራ ላይ የናንጃኦ መንግሥት ዘመን የዓለት ቅርጾች ይወስዱታል።

ሊጂያንግን በአጭሩ

የሊጂያንግ ጥንታዊ ከተማ በየካቲት 1996 በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድታ በ1997 የዩኔስኮ ቅርስ ሆነች። ዛሬ ማታ ማታ ሙዚቃውና ሰው ግፊያው አያስተኛም። በሰሜን በኩል ያለችው ባይሻ ጸጥ ያለች ናት፤ እዚያ አልጋ ይዞ ከተማዋን ማለዳ ሱቆች ሳይከፈቱ ማየት ይሻላል። ወደ ዩሎንግ የበረዶ ተራራ የሚወስደው ኬብል 4,506 ሜትር ላይ ያወርዳል፤ ትኬቱ ቀድሞ ያልቃል፣ ንፋስ ሲበረታም ኬብሉ ይቆማል። መንገድ ላይ በጣም ርካሽ የሆነ የቀን ጉብኝት ሲቀርብላችሁ አትቀበሉ፤ ኪሳራው የሚካካሰው የብርና የጄድ ሱቅ ውስጥ ሰዓታት በማቆም ነው።

የነብር ዝላይ ገደል

የጂንሻ ወንዝ፣ ማለትም የያንግጼ ላይኛው ክፍል፣ 5,596 ሜትር ከፍታ ባለው ዩሎንግና 5,396 ሜትር ባለው ሃባ መካከል ተጨንቆ የሚያልፍበት ነው። ከሊጂያንግ በጠዋት አውቶቡስ የእግር መንገዱ መነሻ ወደሆነችው ቺያኦቶው ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ሁለት መንገድ አለ። የታችኛው አስፋልት የአስጎብኚ አውቶቡስ የሚሄድበት ሲሆን፣ የላይኛው በሃባ ተዳፋት ላይ የሚሄደው የእግር መንገድ ነው፤ ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ለሁለት ቀን። ሻንጣውን በቺያኦቶው ለሚነሳው መኪና ሰጥቶ መጨረሻ ላይ ወዳለው «ቲና» የሚባል ማረፊያ ማስላክ ይቻላል። ጀርባ ላይ ሁለት ሊትር ውሃ፣ የዝናብ ልብስ፣ አንድ ሙቅ ልብስና ፓስፖርት ብቻ ይቅር።

ከቺያኦቶው እስከ ናሺ ማረፊያ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ምሳ እዚያ ብሉ፤ ቀጥሎ ያለው የመንገዱ ከባድ ክፍል ነውና። «28ቱ ጠመዝማዛዎች» የሚባለው ዳገት ከሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ፈረስ የያዙ ሰዎች ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ፤ ዳገቱ ሲበዛ ብዙ ሰው ይደክመውና ይከራያል። መጫን ከፈለጋችሁ ዋጋውን ከመውጣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። በማጠፊያዎቹ ላይ መንገዱ ደረቅ አቧራና ልቅ ጠጠር ነው። የሚያንሸራትተው ውጭኛው ጠርዝ ስለሆነ በተራራው በኩል እርገጡ፤ ፈረስ ሲያልፍም ወደ ተራራው ተጠጉ እንጂ ወደ ገደሉ አትቁሙ። ጫፉ 2,670 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሜዳማ ሆኖ በገደሉ አፋፍ ይሄዳል፤ ዓለቱ ላይ የተቀቡት ቀይና ቢጫ ቀስቶች ይመራሉ። ማደሪያው «ሃፍዌይ» የሚባለው ማረፊያ ነው፤ ከሰገነቱ ላይ የዩሎንግ ግድግዳ ፊት ለፊት ተገትሮ ይታያል።

በማግስቱ እስከ ቲና ሁለት ሰዓት ይበቃል። መሃል ላይ ፏፏቴው መንገዱን ራሱን አቋርጦ ይወርዳል፤ በክረምት ድንጋዩ አረንጓዴ ሙልጭልጭ ስለሚያበቅል ሶሉ ያለቀ ጫማ ይዞ ማለፍ አደገኛ ነው። ከቲና ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ የሠሩት የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው፤ በየቦታው 10 ወይም 15 ዩዋን ያስከፍላሉ፣ ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋል። መውረድና መመለስ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ነው። ወደ ሊጂያንግ ወይም ሻንግሪላ የሚሄደው አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ስለሚነሳ፣ መቀመጫ ቲና እንደደረሳችሁ፣ ወደ ወንዙ ሳትወርዱ ያዙ። ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ጥሎ ካደረ የላይኛውን መንገድ ተዉት። ድንጋይ የሚወርደው ዝናቡ ሲያባራም ነው።

ሻንግሪላ

ከሊጂያንግ የሚሄደው ባቡር በኅዳር 2023 ተከፍቶ መንገዱን ወደ አንድ ሰዓት ከሃያ አሳጥሮታል። ዱኬዞንግ የሚባለው ጥንታዊ ሠፈር በጥር 2014 በእሳት ተቃጥሎ ስለነበር አብዛኛው ቤት እንደገና የተሠራ ነው። ሶንግዛንሊን ገዳም ግን በ1679 የተመሠረተ ነው። ደረጃው ረጅም ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ በገዳሙ ዙሪያ ስትሄዱ እንደ ምእመናኑ በቀኝ እጃችሁ በኩል አድርጋችሁ ዙሩ፣ ውስጥ ፎቶ አታንሱ። ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ይቀዘቅዛል፤ አልጋ ስትይዙ የሚሞቅ ፍራሽ መኖሩን ጠይቁ።

ምግብ

ጥሩ ያልናቸው ወቅቶች ከሁዳዴና ከነቢያት ጾም ጋር ስለሚገጥሙ ይህን ጉዳይ አቅልሎ መሄድ አይገባም። በዩናን ጾመኛ አይራብም፤ ቶፉ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ እንጉዳይና ጎመን ሞልቷል። ችግሩ በማይታየው ላይ ነው። አትክልቱ በአሳማ ስብ ይጠበሳል፣ ለማጣፈጫ የተፈጨ ሥጋ ይነሰነስበታል፣ የዶሮ ዱቄት ቅመም ደግሞ ከሁሉም ወጥ ውስጥ አለ። «ሥጋ አልበላም» ማለት አይበቃም፤ አስተናጋጇ ጉርሻ የሚያህል ሥጋ ብቻ ያለበትን አትክልት ነው ብላ ታመጣለች። «ዎ ች ሱ» ማለት እንደ መነኮሳቱ ከሥጋ የጸዳ ነው የምበላው እንደማለት ስለሆነ ወዲያው ይገባቸዋል። ከዚያ በላይ «የአሳማ ስብ፣ የተፈጨ ሥጋ፣ የዶሮ ቅመም፣ እንቁላል፣ ወተት አታድርጉ፤ በአትክልት ዘይት ሥሩልኝ» የሚለውን በቻይንኛ አስጽፋችሁ በስልክ አሳዩ። የሺጆው ቂጣ ከታችም ከላይም ፍም ተደርጎበት ሲጋገር ሽታው ይጠራል፤ ጨው ያለው በአሳማ ስብ ይቀባል፣ ጣፋጩም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው፣ ሳይጠይቁ አይበላም። በፍም የሚጠበሰው የሩዝ ቂጣ፣ ኤርኳይ፣ በሰሊጥና በኦቾሎኒ ሲቀባ ለጾም ይሆናል፤ ቋሊማውን አስቀሩ።

አሳማ ለማይበላ ሁሉ የሚያሳርፈው «ቺንግጀን» የሚል አረንጓዴ ምልክት ያለው የኽዊ ሙስሊሞች ምግብ ቤት ነው፤ በዩናን ከተሞች ሁሉ ይገኛል። ሥጋው የሙስሊም እርድ ስለሆነ ያንን የማይበላ ክርስቲያን የአትክልት ሳህናቸውን ይዘዝ፤ ድስቱ አሳማ አልነካውም። በክረምት የዱር እንጉዳይ ሲቀርብ ደግሞ ድስቱ ላይ የተቀመጠው ሰዓት ቆጣሪ እስኪጮህ ማንኪያ አታስገቡ። አንዳንዱ በደንብ ካልበሰለ ይመርዛል፣ የሌለ ነገር ያሳያል። የቧንቧ ውሃ አይጠጣም፤ የፈላ ውሃ ግን በባቡሩም በጣቢያውም በነጻ ስለሚገኝ ፔርሙስ ያዙ። ሶፍትም ከኪስ አይጥፋ፤ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ወረቀት የለውም።

ለመመለስ ከሻንግሪላ ኩንሚንግ የሚገባ ቀጥታ ባቡር አለ፤ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በረራው ከጓንዡ የሆነ ሰው ኩንሚንግ ላይ አንድ ሌሊት፣ ጓንዡ ላይ አንድ ሌሊት ይተው። ናዳ መንገድ ቢዘጋ ወይም ትኬት ቢያልቅ የሚያወጣው ያ ትርፍ ቀን ነው።